የአክስትሽ ሜትር

ጥቅምት 6

ለልጄ፣ በአክስትሽ እጅ ላደግሽው፤

የምትገቢበት ቤት ይሙቅሽ፣ የምትወጪበት መንገድ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን። ያው ሰው ደህና ነኝ የሚለውን ያህል ደህና ነን።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የሚቀመጠው እናትሽ ትራስ አጠገብ ስለሆነ ነው። ኩላሊታቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ እናትሽን ከኩላሊት እጥበት ስመልስ፣ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ የፊት ቀኝ ጎማችን ገባ። ቆጣሪ ሳነብ ያረጀሁት ውሃ መሥሪያ ቤት እንደሆነ እናትሽ መቼ ይረሳሉ። «የራስህ ሰዎች ናቸው የቆፈሩልህ፤ ጡረታህ ነው» አሉኝ። ጎማው አልፈነዳም። ጎማው የሚለብሰው ብረት፣ ቸርኬው፣ እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ።

ሰፈራችን ያለውን ጎማ ጠጋኝ ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉን ነገር «አይዞህ» ስለሚል ስሙ አይዞህ ሆኖ ቀርቷል። እሱ እንኳ ሲያየው አይዞህ አላለኝም። «ጋሼ፣ የዚህች መኪና ዘር እዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት ብቻ ነው ያለው» አለኝ። «አንዷ የእርስዎ ናት። ሌላዋ ውስጥ ዶሮ ይፈለፈልባታል፤ ቸርኬ የሚባልም የላትም።» ትርፍ ጎማስ እንዳትዪኝ። አክስትሽ አበድራው ነበር፤ ለማን እንዳበደረችው ሳትነግረኝ ወደማይቀርበት ሄደች።

እናም መኪናዋ በሦስት እግርና በአንድ ድንጋይ ቆማለች። እናትሽን በሳምንት ሁለት ቀን ማድረስ አለብኝ። አውቶቡስ ላይ መቆም አይችሉም። የሰው መኪና እየለመንኩ ነው፤ ዓርብ ዕለት እወስዳችኋለሁ ያለው ሰው ሳይመጣ ቀረና እጥበቱ አለፋቸው። ሐኪሙ «አንድ ቀን መቅረት ማለት እኮ…» ብሎ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው። እሱ የተወውን እኔ ቁጭ ብድግ ባልኩ ቁጥር እየጨረስኩት ነው።

አንቺ የምትሠሪው አሮጌ ቸርኬ የሚሸጥበት ቤት ነው ብላ አክስትሽ አጫውታኝ ነበር። አንድ ቸርኬ ብቻ። ሌላ አላስቸግርሽም።

የአክስትሽ ባል

ጥቅምት 27

ለተከበሩት ጋሼ፤

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልብዎስ? እኔ በእናንተ ጸሎት አለሁ።

«አንድ ቸርኬ ብቻ» ብለው ሲጽፉ ሳቄ መጣ፤ ይቅር ይበሉኝ። እዚህ መጋዘን ከወለል እስከ ጣሪያ ቸርኬ ነው። የእኔ ሥራ አጥቦ መደርደር ነው። ክብ ስለሆነ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ግን ቸርኬ እንደ ጫማ ልክ አለው። የውጭው ስፋት ብቻ አይደለም ልኩ። መኪናዋ ላይ የተተከሉት ብሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ስንት እንደሆኑና ምን ያህል እንደተራራቁ ነው ዋናው።

ጀርባው ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ ያንብቡልኝ። ከሌለ ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። የእርስዎ መኪና አራት ይመስለኛል፤ አራት ከሆነ ቀላል ነው። ከአንዱ ቀዳዳ መሀል ተነስተው ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ መሀል ይለኩ። አጠገቡ እስካለው አይደለም፣ ፊት ለፊቱ እስካለው።

ደጋግመው ይለኩ ጋሼ። ዘጠና ስምንት ሚሊ ሜትር የሆኑትና መቶ የሆኑት እዚህ ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት። ዓይን አይለያቸውም። አለቃዬ አንድ አባባል አለው፤ «ፈጽሞ የማይገባ ቸርኬ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው የገጠመ መስሎ ለትንሽ የሚገባው ነው።»

እናቴን በስልክ ስጠይቃት «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ብዪ» ትለኛለች። እሷስ ትበላለች? እርስዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። ለመኪና ኪራይ የምትሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ።

ልጅዎ

ኅዳር 15

ለልጄ፤

መልስሽን ያሳየኝ ፈጣሪ ይመስገን። የላክሽው ደርሶ ለተባለው ነገር ውሏል፤ ሁለተኛ ግን እንዳትልኪ፣ ለራስሽ ሁኚበት።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። የቸርኬውን ጀርባ በነጭ ጋዝ አጠብኩት፤ ቁጥሩን ዝገት በልቶታል። ቤት አስገብቼ የአክስትሽ የስፌት ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። በሕይወት ብትኖር ቸርኬውንም እኔንም አንድ ላይ ታስወጣን ነበር።

ቤቱ ውስጥ ከእሷ የስፌት ሜትር ሌላ መለኪያ የለም። በሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ጫፉ ላይ ያ ከባዱ መቀሷ እንደታሰረ። ከሄደች ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም። መቀሱን ፈትቼ ጎን አስቀመጥኩት።

ቀዳዳው አራት ነው። ርቀቱ ዘጠና ስምንት። ደግሜ ለካሁ፤ ዘጠና ስምንት። በሌሎቹም በኩል ለካሁ፤ ያው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ቆጣሪ ሳነብ ቁጥሩን የጠላው ሰው ብዙ ነበር፤ ተሳስተህ አነበብክ ያለኝ ግን የለም።

ልጄ፣ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። እነሳና መኪናዋን አያለሁ። ድንጋዩ ተንሸራቶ እንደሆነ በእግሬ እነካዋለሁ። ገብቼ መሪዋን ይዤ እቀመጣለሁ። አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ጡረተኛው ባየኝ ቁጥር «እህሳ፣ የት ደረስክ?» ይለኛል። ጸሎት ስጀምር ሐሳቤ ሾልኮ ብሎን ይቆጥራል። ራሴን ጠየቅሁት፤ ይህ ሁሉ መቁነጥነጥ ለእናትሽ ነው ወይስ ለእኔ? አክስትሽ ከሄደች ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። እነዚያን ሁለት ቀኖች እንዳላጣ ይሆን የምሯሯጠው? መልሱን አግኝቼ እንዳላየ አልፌው ሊሆን ይችላል።

ስለ እናትሽ መብላት ጠይቀሽኛል። ትናንት አይዞህ ሊጠይቃቸው ቢመጣ «አንተ፣ ይሄን ፂም ለምን አትላጨውም? ወይስ እሱም መለዋወጫ አጥቶ ነው?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት።

የአክስትሽ ባል

ታኅሣሥ 3

ለተከበሩት ጋሼ፤

ደብዳቤዬ ቢያጥርም አክብሮቴ አላጠረም። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በሩጫ ነው የምጽፍልዎ።

ባለ ዘጠና ስምንቱን አሸክሜዋለሁ። የብረት ማስመሪያ ይዤ ራሴ ለክቼ ነው ያወጣሁት። ሰውዬው ሻንጣውን ሲያነሳ ፊቱ ጠቆረ፤ ሲደርስ ደህና አድርገው ይመርቁልኝ።

ሲያስሩት ብሎኖቹ ላይ የሚጠመዘዙትን ዳዶዎች በዙሪያው እየተከተሉ እንዳያጠብቁ። መጀመሪያ አራቱንም በእጅ ያስገቡ፤ ከዚያ አንዱን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሳይዝ አንዱም መጨረሻ ድረስ አይጠብቅ።

ስለ አይዞህ ፂም አነበብኩ። የጠየቅሁት ግን ስለ እሱ አልነበረም።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 28

ለልጄ፤

ከክፉ የሚያወጣ አምላክ ስሙ ይመስገን። ዛሬ ይህን የምለው እንደ ሰላምታ ልማድ አይደለም፤ ቀጥለሽ ታነቢዋለሽ።

ቸርኬው ደረሰ። ያመጣው ሰው ትከሻውን እያሸ «ሁለተኛ ከእናንተ ዘመድ መርፌ እንኳ አልቀበልም» አለኝ። አይዞህን ጠራሁት። አራቱን ብሎን ፊት ለፊት ገጥሞ ሲገፋው ቸርኬው አልገባም አለ። በእርግጫ መታው። «አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይጠብቃል፤ አይዞህ» አለኝ። ገባ። ሦስቱ ዳዶዎች ጠበቁ፤ አራተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ጮኸ።

«ድምፁን አልወደድኩትም» አልኩት።

«እኔም ድምፄን አልወደውም፤ እየዘፈንኩ ግን እኖራለሁ» አለኝ።

ማክሰኞ ነበር። እናትሽ ገና በጠዋቱ ለብሰው፣ ነጠላ ጫማቸውን ተጫምተው በር ላይ ቆመዋል። «ለትንሽ የሚገባው ነው» ያልሽውን አልረሳሁም። ነገር ግን ያለፈው ዓርብም አልፏቸው እግራቸው አብጦ ነበር። ጸለይኩና ነዳሁ። አሁን ሳስበው፣ እንዲመራኝ አልነበረም የጸለይኩት፤ የወሰንኩትን እንዲፈቅድልኝ ነበር።

ዳቦ ቤቱን እስክናልፍ ደህና ነበረች። ከዚያ መሪው እጄ ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረ።

«አንተ፣ መኪናህን ብርድ ይዟታል እንዴ?» አሉኝ እናትሽ።

«መንገዱ ነው እትዬ።»

«መንገዱ ትናንትም ነበረ።» ድልድዩ ላይ ስንወጣ ደግሞ፣ «ወደ ሐኪም ቤት ነው ወደ መቃብር የምትወስደኝ? ንገረኝና ልዘጋጅ እንጂ!» አሉ።

ድልድዩ መሀል ላይ አቆምኩ። ወርጄ ዳዶዎቹን ስነካ ሁለቱ በጣት ይዞራሉ። በጣት፣ ልጄ። ከታች ወንዙ ይሰማኛል። ቀና ስል እናትሽ በመስኮቱ እያዩኝ ነው። ያኔ ነው የፈራሁት።

ዱቄት የጫነ መኪና አዝኖልን አሳፈረን። እጥበቱ ጋ ስንደርስ እናትሽ በዱቄት ነጭ ሆነዋል። ነርሷ ደንግጣ «ምን ሆነው ነው እማማ?» ስትላቸው «ሊጋግሩኝ ወስደውኝ ነበር፤ አመለጥኩ» አሏት።

ዘጠና ስምንት ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ምናልባት ሳታስቢው ከጎን ካለው መደርደሪያ አንስተሽ ይሆን? ልወቅስሽ አይደለም። ዋሸሁ፤ ትንሽ ልወቅስሽ ነው። ድንጋጤዬን የማሳርፍበት ሰው ብፈልግ ሩቅ ያለሽው አንቺ ሆንሽ። የተሰነጠቀውን ቸርኬ ፊት ወረቀት አልብሼ በከሰል አሽቼዋለሁ፤ አራቱም ቀዳዳ ወጥቷል። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁና እዪልኝ። መኪናዋን እየጎተቱ መልሰዋት ድንጋይዋ ላይ ናት።

የአክስትሽ ባል

ጥር 17

ለተከበሩት ጋሼ፤

ከዚያ ድልድይ በሰላም ያሻገራችሁ አምላክ ይክበር። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ አለቃዬ ቸርኬ አላስነካኝም።

አልደብቅዎትም፣ ተቀይሜም ነበር። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ እንዳልተሳሳትኩ ላሳይዎ ማስመሪያዬን አስቀመጥኩበት። ከመሀል እስከ መሀል መቶ ሆነ። የላክሁልዎ ግን ዘጠና ስምንት ነው፤ እርስዎም የለኩት ዘጠና ስምንት ነው። ማን ነው የተሳሳተው ጋሼ? ወረቀቱን እያዞርኩ ስለካ፣ ስለካ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ። መቀሱ።

አክስቴ መቀሱ እንዳይጠፋባት ከሜትሩ ጫፍ አስራ ትሰቅለው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እንደተጎተተ ያስቡት። ሜትሩ ረዝሟል። ሜትር ሲረዝም ቁጥሩ ያንሳል፤ መቶ የሆነውን ነገር ዘጠና ስምንት ይልዎታል። ሁለት ሚሊ ሜትር እዚያ ጋ ነው የጠፋችው።

አክስቴ ደግሞ ይህን ታውቅ ነበር። እንዴት ሳታውቅ! አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቁጥር የምጽፍላት ልጅ ሳለሁ፣ አንዲት ሴትዮ ልኳን ሌላ ቤት አስለክታ በወረቀት ይዛ መጣች። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሰፋ። ሴትዮዋ ስትጮህ አክስቴ ምን አለቻት መሰልዎት? «ሁለተኛ ስትመጪ ቁጥርሽን ቤትሽ ትተሽ ገላሽን ይዘሽ ነይ!» ለካ በዚያ ሜትር ለክታ በዚያው ሜትር ስለምትቆርጥ ነው ተሳስታ የማታውቀው። በእሷ ቤት ሜትሩ እውነተኛ ነበር። የተጣላው ከእኔ ማስመሪያ ጋር ሲገናኝ ነው።

ስለዚህ እርስዎም እኔም ይቅር እንባባል። መቶውን በፖስታ ልኬዋለሁ፤ እኔን የሚያውቅ መንገደኛ ሁሉ መንገድ ቀይሯል። የመጀመሪያውን ለአይዞህ ይስጡት፣ አበባ ይትከልበት። መኪና ላይ ግን እንዳይደግመው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎ። ለእናቴ የሚሆን ጥሩ ጨርቅ አግኝቻለሁ፣ ቀሚስ ልሰፋላት ነው። ልኳን ይላኩልኝ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። በዚያው በአክስቴ ሜትር ይሁን፤ እዚህ እኔ አስተካክለዋለሁ። የድሮው ልኳ በቃሌ አለ፤ ግን ሰው ይለወጣል።

ልጅዎ

የካቲት 29

ለልጄ፤

ብዙ በመዘግየቴ ፊትሽን ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ ያህል ይሰማኛል። ፈጣሪ በጤና ይጠብቅሽ።

በመጀመሪያ ደስታውን ልንገርሽ። ቸርኬው መጣ። አይዞህ ለመርገጥ እግሩን ሲያነሳ ቸርኬው በራሱ ገባ። አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። «ይሄ ደግሞ አይታገልም እንዴ?» አለኝ፤ ቅር ያለው ይመስላል። አራቱም ዳዶ ያለ ጩኸት ተቀመጡ። እንዳስተማርሽኝ አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን። ድልድዩን ስናልፍ እናትሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ካለፍን በኋላ «አልፈናል?» አሉኝ። «አልፈናል እትዬ።» «መሪህን ያዝ፣ እኔን አትይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም እጥበት አላለፋቸውም።

ሜትሩን በተመለከተ፣ ከአይዞህ ቤት የብረት መለኪያ ተውሼ አጠገቡ አጋደምኩት። እንዳልሽው ነው። መጀመሪያ ልቤ እምቢ አለ፤ የእሷን ነገር ስህተት ማለት ከበደኝ። ቀጥሎ «በእሷ ቤት ሜትሩ እውነተኛ ነበር» ያልሽውን ሳስበው ቀለለኝ። አሁን ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። መቀሱን ለብቻው ሰቅዬዋለሁ።

ወደ ልኩ ልምጣ። ያዘገየኝ እሱ ነው።

የጎረቤቴ የጡረተኛው ሚስት ለካችልን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ደረታቸውን ጮክ ብላ ነገረችኝ። ወገባቸውን ቀስ ብላ። ዳሌያቸውን በሹክሹክታ። እናትሽ ወዲያው ገባቸው። «አስር አስር ጨምርበት» አሉኝ። «ሰፊ ልብስ ለብሼ አላውቅም እንዴ?»

«እትዬ፣ ልጅቷ ታውቃለች።»

«የምታውቀው የምትጽፍላትን ነው። ሥራዋን ጥላ እንድትመጣ ነው የምትፈልገው?»

ወረቀቱን ኪሴ ይዤ ዞርኩ። ፖስታ ቤት ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ፤ ሌላም ቀን ተመለስኩ። አስር መጨመር አልቻልኩም። ከዚያ የባሰ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሜትሩ እንደረዘመ ራስሽ ስለነገርሽኝ፣ ቁጥሩ ያነሰው በሜትሩ ነው ብዬ ልጽፍልሽ። ቃሉ እውነት ነውና ኃጢአት አይሆንብኝም አልኩ። ለጸሎት ቆምኩ። ያ ቸርኬ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለትንሽ የሚገባው።

ስለዚህ ምንም ቃል አልጨምርበትም። ስለ መብላታቸው ስትጠይቂኝ ስለ ሰው ፂም የጻፍኩልሽ ሰው፣ አሁን ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።

ደረት ሰማንያ ሰባት። ወገብ ሰባ አራት። ዳሌ ዘጠና አምስት።

ጋሼሽ

መጋቢት 12

ለተከበሩት ጋሼ፤

ሰላምታዬን በእጄ ይዤው ስለምመጣ እዚህ ላይ አልጽፈውም።

የእናቴን ልክ ለአክስቴ የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። ደረት መቶ አራት። ወገብ ዘጠና ሁለት። ዳሌ መቶ አስራ ሁለት። ያ ሜትር ከመቶ ሁለት ነው የሚበላው ጋሼ፤ አስራ ሰባት አይበላም። ደግሞም ያኔ የተለካችው በዚያው ሜትር ነው።

ስላልጨመሩበት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጨርቁን አልቆረጥኩትም። ገላዋ ባለበት ቤት ይለካል። ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ እንዳያነሱት። አለቃዬ «ቦታሽን አልጠብቅልሽም» አለኝ። እኔም እንዲጠብቅልኝ አልለመንኩትም፤ የሚታጠብ ቸርኬ የትም አይጠፋም። ለእናቴ ግን እንዳይነግሯት፤ ከነገሯት ድልድዩ ላይ ቆማ ትመልሰኛለች።

የምደርሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የእጥበቷ ቀን ስለሆነ እኔን ለመቀበል ብለው እንዳያስቀሯት። መጀመሪያ እሷን ያድርሱ፤ እኔ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ባለፈው ልጽፍልዎ ረስቼ ነበር። አዲስ የገባ ቸርኬ ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና መጥበቅ አለበት። ከመነሳታችሁ በፊት አራቱንም በእጅዎ ይሞክሩልኝ።

ልጅዎ